«ከወደዱት ለምን ሰጡት?»
የኤንቢኤ ተጫዋቾች ውልና የደመወዝ ጣሪያ፣ ለወላጅም ለልጅም

ቤታችሁ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚወድ ልጅ ካለ ይህቺን ጥያቄ ሳትሰሟት አልቀራችሁም። ልጁ ማልያ ተገዝቶለታል፤ ከጀርባው የሚወደው ተጫዋች ስም ተጽፏል። አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ስልኩን ሲያይ ተጫዋቹ የለም፤ ሌሊቱን ለሌላ ከተማ ቡድን ተሰጥቷል። «እማዬ፣ ጎበዝ አይደለም እንዴ? ከወደዱት ለምን ሰጡት?» ይላል። እናት ቡናዋን እያፈላች «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ አባትህን ጠይቀው» ትላለች። አባት ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ እንቅልፍ ይዞታል። «ገንዘብ ነዋ!» ይልና ይተኛል።

የአባትየው መልስ ስህተት የለበትም፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። ገንዘቡማ አለ። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ነገሩን የሚቆርጠው ገንዘቡ የታሰረበት ደንብና ውሉ ላይ የተጻፈች አንዲት መስመር ናት። እኛም በሰው አገር ስንኖር ውል የማንፈርምበት ጊዜ የለም፤ የቤት ኪራዩ፣ የመኪናው፣ የስልኩ፣ የሥራው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ኳስ ለሚወድ ብቻ አይደለም። ልጆች፣ እናንተም ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡት። ስማቸውን የማያውቋቸውን ተጫዋቾች አስተዋውቋቸው፤ በዚህስ እናንተ ትበልጣላችሁ።

የደመወዝ ጣሪያ ምንድን ነው?

ቤተሰብ ድግስ ሲያስብ «ከዚህ በላይ አናወጣም» ብሎ ይቆርጥ የለ? የደመወዝ ጣሪያም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ቁጥሩን የሚቆርጠው እያንዳንዱ ደጋሽ ለራሱ አለመሆኑ ነው። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር በጋራ በተስማሙበት ስሌት ይወጣል፤ ለ30ዎቹም ቡድኖች አንድ ነው። ዓላማው ሀብታሙ የትልቅ ከተማ ቡድን ኮከቦቹን ሁሉ ሰብስቦ የትንሿን ከተማ ቡድን ባዶ እጁን እንዳያስቀረው ነው።

በ1984-85 የውድድር ዘመን ሲጀመር ጣሪያው 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025-26 ደግሞ 154.6 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። ሊጉ ከቴሌቪዥን፣ ከትኬት፣ ከማስታወቂያና ከመሳሰለው የሚያገኘው ገቢ ይደመርና ግማሽ ያህሉ የተጫዋቾች ድርሻ ይሆናል። ጣሪያው የሚሰላው ከዚያ ነው። ገቢው ሲያድግ ጣሪያውም ከፍ ይላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ጣሪያ ቆርቆሮ አይደለም፣ ድንኳን ነው። ከውስጥ ሲገፉት ከፍ ይላል። ከሚገፉት ደንቦች ዋነኛው በቦስተኑ ኮከብ በላሪ በርድ ስም ይጠራል። አንድ ተጫዋች ቡድን ሳይቀይር ሦስት ዓመት ከቆየ፣ ቡድኑ ጣሪያውን አልፎም ቢሆን መልሶ ሊያስፈርመው ይችላል። የሰው ቡድን ተጫዋች ለማምጣት ግን ይህ በር ዝግ ነው። በዚያ ላይ የራሱ ቡድን እስከ 5 ዓመት ውልና በየዓመቱ እስከ 8 በመቶ ጭማሪ መስጠት ይችላል። ከውጭ የሚመጣው ቡድን ግን ከ4 ዓመትና ከ5 በመቶ አያልፍም። ደንቡ «ባለህበት ብትቆይ ይሻልሃል» እያለው ነው።

ይህ በር ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ማይክል ጆርዳን አሳይቷል። በ1997-98 ለአንድ ቡድን በሙሉ የተፈቀደው ጣሪያ 26.9 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ቺካጎ ቡልስ ለጆርዳን ብቻ 33.1 ሚሊዮን ከፈለው። አንድ ሰው ከቡድን ጣሪያ በላይ ማለት ነው! ሕግ አልተጣሰም፤ ያስፈረመው የራሱ ቡድን ነው።

የክለብ ባለቤቶች ግን ደነገጡ። በ1998 ሰመር በር ዘጉ። ድርድሩ ተጓትቶ የውድድር ዘመኑ ከ82 ጨዋታ ወደ 50 ወረደ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ተጫዋችም የራሱ ጣሪያ ወጣለት፤ «ማክስ» የሚባለው ይህ ነው። እስከ 6 ዓመት የተጫወተ የቡድኑን ጣሪያ 25 በመቶ፣ ከ7 እስከ 9 ዓመት የቆየ 30 በመቶ፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ 35 በመቶ ድረስ መጀመር ይችላል። በ2025-26 ሂሳብ 25 በመቶው 38.7 ሚሊዮን ገደማ፣ 35 በመቶው 54.1 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። የልጆችን የበመቶ ሂሳብ መፈተን ከፈለጋችሁ እነሆ ጥያቄ፤ 30 በመቶው ስንት ይመጣል?

ጣሪያው በአንድ ጊዜ ሲዘል

በ2016 የሊጉ አዲስ የቴሌቪዥን ውል ሥራ ላይ ዋለ፤ ለ9 ዓመት 24 ቢሊዮን ዶላር። ጣሪያውም በአንድ ሰመር ከ70 ሚሊዮን ወደ 94 ሚሊዮን ዘለለ። በየቡድኑ ቤት ድንገት ባዶ ክፍል ተገኘ።

ከሁሉ የተጠቀመው ጎልደን ስቴት ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ስቴፈን ከሪ ቁርጭምጭሚቱ እየተጎዳ ሲያስቸግረው በ4 ዓመት 44 ሚሊዮን ፈርሞ ነበር። በኋላ ሁለት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሲባልም ውሉ ያው ነው። በ2016-17 ደመወዙ 12.1 ሚሊዮን ነበር። የጣሪያው መዝለልና የከሪ ርካሽ ውል ሲገናኙ፣ በዓመቱ 73 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ኬቨን ዱራንትን ጨመረበት። በ2017ና በ2018 ዋንጫ በላ። በ2017 ከሪ ራሱ የ201 ሚሊዮን ውል ፈረመ፤ ከ200 ሚሊዮን ያለፈ የመጀመሪያው የኤንቢኤ ውል ነው።

ሊጉም ተማረ። በ2023 በተደረሰው ስምምነት ጣሪያው በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ተወሰነ።

ሚሊዮኖቹን የሚያንቀሳቅሱ መስመሮች

አሁን ወደ ውሉ እንግባ። ዜና ላይ የምንሰማው ትልቁን ቁጥር ነው። ጠበቃና ወኪል የሚያነቡት ግን ከቁጥሩ በታች ያለውን ነው።

ዋስትና ያለው ክፍያ። በኤንቢኤ የብዙ ተጫዋች ደመወዝ ዋስትና አለው፤ ቢሰለፍም ባይሰለፍም ይከፈለዋል። ሱዳን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ግብጽ ተሰድዶ፣ ለንደን ያደገው ሉዎል ዴንግ በዚያው በ2016 ከሌከርስ ጋር የ4 ዓመት 72 ሚሊዮን ውል ፈረመ። በ2017-18 የተሰለፈው በአንድ ጨዋታ ብቻ ነው። በ2018 ከውሉ ላይ ትንሽ ለቀቀላቸውና ተለያዩ፤ የቀረው ክፍያው በዓመታት ተከፋፍሎ ደረሰው። ዋስትና የሌለው ውል ያለው ልጅ ግን ጠዋት ልምምድ ሄዶ ከሰዓት ሥራ አጥ ሊሆን ይችላል። የ10 ቀን ውል የሚባልም አለ፤ ስሙ እንደሚለው 10 ቀን።

ኦፕሽን፣ ማለትም ምርጫ። «3 ዓመት ፈረመ» ሲባል የመጨረሻው ዓመት የማን እንደሆነ ጠይቁ። የተጫዋቹ ኦፕሽን ከሆነ መቆየትም መውጣትም በእጁ ነው። የቡድኑ ከሆነ ደግሞ ቡድኑ «በቃህ» ማለት ይችላል። በድራፍት የመጀመሪያ ዙር የተመረጠ ወጣት ዋስትና ያለው 2 ዓመት ብቻ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው በቡድኑ ፈቃድ ነው። ቁጥሩ ያው ሆኖ ቁልፉ ያለው በሌላ ሰው ኪስ ነው።

ያለፈቃዴ አትስጡኝ። ይህ አንቀጽ በሊጉ ውስጥ ብርቅ ነው። ለመጠየቅ እንኳ 8 ዓመት በሊጉ፣ ከዚያ ውስጥ 4 ዓመት በዚያው ቡድን መጫወት ያስፈልጋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ብራድሊ ቢል በ2022 የ5 ዓመት 251 ሚሊዮን ውል ሲፈርም ይህን አንቀጽ አስገባ። በ2023 ራሱ ተስማምቶ ወደ ፊኒክስ ሲሄድ አንቀጹም ተከትሎት ሄደ። ፊኒክስ በኋላ ሌላ ቡድን ሊሰጠው ቢያስብ ያለ እሱ ፈቃድ አይሆንም። በመጨረሻ በ2025 ቢል 13.9 ሚሊዮን ገደማ ትቶላቸው ተለያዩና ወደ ክሊፐርስ ሄደ። አንዲት መስመር የአንድን ቡድን እቅድ ሁለት ዓመት ይዛ ቆየች።

የመሄጃ ጉርሻ። አንዳንድ ውል ላይ ተጫዋቹ ለሌላ ቡድን ከተሰጠ ከቀሪው ደመወዝ እስከ 15 በመቶ እንዲጨመርለት ይጻፋል። ለእሱ ካሳ ነው። ለቡድኑ ግን ራስ ምታት ነው፤ የጨመረው ሁሉ ጣሪያው ላይ ይቆጠራል።

የተከለከሉ ነገሮች። የተጫዋች ውል ሞተር ሳይክል መንዳትን የመሳሰሉ አደገኛ ነገሮችን ይከለክላል። በ2002 ድራፍት ሁለተኛ የተመረጠው የቺካጎው ጄይ ዊልያምስ በ2003 ሰመር ሞተር ሳይክል ሲነዳ ክፉኛ ተጎዳ። ቡድኑ ውሉን ለማቋረጥ መብት ነበረው። 3 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ አሰናበተው። ዊልያምስ ከዚያ በኋላ በኤንቢኤ የውድድር ጨዋታ አልተሰለፈም። የ21 ዓመት ልጅ ነበር። በተቃራኒው ማይክል ጆርዳን «ለጨዋታው ፍቅር» የተባለ አንቀጽ ነበረው፤ በፈለገበት ሜዳ፣ ከፈለገው ሰው ጋር፣ ማንንም ሳያስፈቅድ መጫወት እንዲችል።

ሱፐርማክስ። ከ7 እስከ 9 ዓመት የተጫወተና ትልቅ ሽልማት ያገኘ ኮከብ 35 በመቶውን ቀድሞ ሊያገኝ ይችላል። የሚሰጠው ግን በድራፍት የመረጠው ወይም በጀማሪ ውሉ ዘመን ያመጣው ቡድን ብቻ ነው። ሉካ ዶንቺችን አስታውሱ። በ2024 ዳላስን ለፍጻሜ አደረሰ። በየካቲት 2025 መጀመሪያ ሌሊት ላይ ወደ ሌከርስ ተላለፈ፤ ደጋፊው አለቀሰ። ዳላስ ቢቆይ ኖሮ በዚያው ሰመር 345 ሚሊዮን ገደማ የሚደርስ የ5 ዓመት ውል መፈረም ይችል ነበር። ቡድን ሲቀየር ያ መብት ቀረ። ከሌከርስ ጋር የፈረመው 3 ዓመት 165 ሚሊዮን ነው። እርግጥ ነው፣ ይህም ቢሆን ማንንም አያስርብም። ልዩነቱ ግን የመጣው ከችሎታው አይደለም፤ ከደንቡ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በኤንቢኤ ደግሞ በቃል ያለ ያስቀጣል።

ጆ ስሚዝ በ1995 ድራፍት አንደኛ የተመረጠ ተጫዋች ነው። ከሚኒሶታ ቡድን ጋር በድብቅ ተስማሙ። እሱ ለጊዜው በትንሽ ደመወዝ በየዓመቱ ይፈርማል፤ ቡድኑ የላሪ በርድን መብት ሲያገኝ ትልቅ ውል ይሰጠዋል። ሐሳቡ ጣሪያውን በጓሮ በር ማለፍ ነበር። በ2000 ነገሩ ወጣ። ሊጉ ውሉን ሰረዘ፤ ቡድኑን 3.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ፤ አምስት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ዕድሎችንም ወሰደበት። ከዕድሎቹ የተወሰኑት በኋላ ቢመለሱም ቡድኑን ለዓመታት ጎዳው። ተጫዋቹም ትልቁን ውል አላገኘም።

ስንቶቻችን «ግድ የለም፣ በኋላ እናስተካክልልሃለን» ተብለን ሥራ ገብተናል? ሰውየው ሲቀየር ቃሉም አብሮ ይሄዳል።

የወጥ ቤቱ ሽርጥ

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ጣሪያውን በበርድ ደንብ እየገፋ ያለፈ ቡድን ምን ይሆናል? መጀመሪያ ቅጣት መሰል ግብር ይከፍላል፤ በ2025-26 ከ187.9 ሚሊዮን በላይ ያወጣ ቡድን ለትርፉ ለሊጉ ይከፍላል። ከዚያ በላይ «ኤፕረን» የሚባሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ኤፕረን ያው የወጥ ቤት ሽርጥ ማለት ነው። ሁለተኛው ሽርጥ በ207.8 ሚሊዮን ላይ ነው፤ የታሰበውም ባለሀብት «ግብሩን እከፍላለሁ» ብሎ እንዳይገላገል ነው። ይህን መስመር ያለፈ ቡድን የሁለት ተጫዋች ደመወዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ተጫዋች ማምጣት አይችልም። በዝውውር ውስጥ ጥሬ ገንዘብ መጨመር አይችልም። ከ7 ዓመት በኋላ ያለው የድራፍት ዕድሉም ይታገድበታል። ገንዘብ ቢኖርህም እጅህ ይታሰራል ማለት ነው።

ቦስተን በ2024 ዋንጫ በላ። ለጄይሰን ቴተም 314 ሚሊዮን የሚደርስ የ5 ዓመት ውል ሰጠ፤ ጄይለን ብራውንም ትልቅ ውል ነበረው። በግንቦት 2025 ቴተም የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። በዚያው ሰመር ቡድኑ ከሁለተኛው ሽርጥ በታች ለመውረድ ብሎ ጅሩ ሆሊዴይን ለፖርትላንድ፣ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን ለአትላንታ ሰጠ። ሁለቱም ዋንጫውን ያመጡ ልጆች ናቸው። ማንም አልጠላቸውም፤ ሂሳቡ ነው ያልመጣው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባል የለ?

አንዳንዱ ቡድን ደግሞ ዕዳውን ያስረዝማል። ሚልዋኪ በ2025 ዴሚየን ሊላርድ የተረከዝ ጅማቱ ከተበጠሰ በኋላ አሰናበተው። የቀረውን የ2 ዓመት 113 ሚሊዮን ገደማ ግን መክፈል አለበት። ደንቡ የቀረውን ዓመት እጥፍ አድርጎ አንድ መጨመር ይፈቅዳል፤ 2 ዓመቱ 5 ሆነ። አሁን ለማይጫወትለት ሰው በየዓመቱ 22.5 ሚሊዮን ገደማ ጣሪያው ላይ ይቆጠርበታል። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ያስረዘመ ሰው ይህን ሂሳብ ያውቀዋል።

ራሱን መጥኖ የፈረመም አለ። የኒውዮርኩ ጄይለን ብራንሰን በ2024 የ4 ዓመት 156.5 ሚሊዮን ውል ፈረመ። አንድ ዓመት ቢጠብቅ 269 ሚሊዮን ገደማ የ5 ዓመት ውል ይጠብቀው ነበር። አሁኑኑ መፈረሙ ለቡድኑ ተጫዋች ማሟያ ቦታ ተወለት። በቀጣዩ ዓመት ኒውዮርክ ከ2000 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምሥራቁ ፍጻሜ ደረሰ።

ለእኛ ቤት

እውነቱን እንነጋገር። በኤንቢኤ 30 ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ 15 መደበኛ ቦታና ከታችኛው ሊግ ጋር የሚመላለሱ የ3 ተጫዋቾች ቦታ አለው። ከዓለም ሁሉ 540 ሰው ማለት ነው። ልጃችሁ ኳስ ይጫወት፣ ይደሰት፤ የቤት ሥራው ግን አይቅር። ቢሆንም ኮሌጅ ገብቶ የሚጫወት ልጅ ካላችሁ፣ ውል ከምታስቡት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። በአሜሪካ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ኮሌጆች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ። ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮሌጅ የተቀመጠው ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ጣሪያና አንቀጽ ኮሌጅ ድረስ መጡ ማለት ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ወረቀት ፊታችሁ ሲቀርብ እነዚህን ጠይቁ።

1. ውሉ ለስንት ጊዜ ነው? ማነው ማቋረጥ የሚችለው? ልጁ ብቻ የታሰረ ከሆነ ቆም በሉ።

2. ቢጎዳስ? ክፍያው ይቀጥላል? ሕክምናውን ማን ይከፍላል? የነጻ ትምህርት ዕድሉስ?

3. በቃል የተነገራችሁ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ? ከሌለ «እባካችሁ ጻፉልኝ» በሉ። ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ እነሱም አይቀየሙም።

4. ልጁ በተማሪ ቪዛ ያለ ከሆነ ገንዘብ የሚያስገኝ ማንኛውንም ውል ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር። ቪዛው መሥራትን ይገድባል፤ ለኳስ ሲባል መኖሪያ ፈቃድ አደጋ ላይ አይወድቅም።

5. ከተባለው ገንዘብ ስንቱ እጅ ይገባል? የኤንቢኤ ተጫዋች እንኳ ከደመወዙ 10 በመቶው ለገቢ ማስተካከያ ይያዝበታል። የፌዴራል ግብር፣ የሚጫወትባቸው ግዛቶች ግብርና የወኪል ድርሻም አለ።

ደግሞም አስተርጓሚ ሆኖ ልጁ ራሱ ውሉን ለወላጆቹ እንዳያነብ። በየቤታችን የለመድነው ነገር ነው፤ የባንክ ደብዳቤውንም የሐኪም ወረቀቱንም ልጅ ያነብልናል። የራሱን ዕጣ የሚወስን ወረቀት ግን ከቤት ውጭ የሆነ፣ ጥቅም የሌለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያንብበው።

አሁን ልጁ ማልያውን ይዞ ሲመጣ መልስ አላችሁ። «ስላልወደዱት አይደለም ልጄ። ቤታቸው ጣሪያ አለው፤ ውሉ ላይም መስመር አለ። ና ቁጭ በልና እንደምረው» በሉት። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ማልያውን ደግሞ አትጣሉበት፤ ተጫዋቹ ቡድን ቢቀይርም ስሙ አልተቀየረም።